ጥቁሯ ጠጠርና የመጨረሻው ቁጥር

ተረት ልንገራችሁ? «ንገሪን» በሉኛ። እንግዲያው ጠጋ በሉ፣ ድምፄ ትንሽ ነው።

ድሮ ድሮ፣ ጠጠር አፍ በነበራት ዘመን፣ ከአንድ ሾላ ዛፍ ሥር አንድ ገበጣ ነበር። አሥራ ሁለት ጉድጓድ ነበረው፤ በየጉድጓዱም አራት አራት ጠጠር። የሚጫወቱበት አያ ዝንጀሮና እመት ጦጣ ነበሩ። ጠጠሮቹን እያነሱ በየጉድጓዱ ይዘራሉ፣ የበሉትን በየጎናቸው ያከማቻሉ፤ ጨዋታው ሲያበቃ ማን እንደበለጠ ለማወቅ ይቆጥራሉ።

አንድ ቀን አያ ዝንጀሮ የበላቸውን ጠጠሮች ይቆጥር ጀመር። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» አለ። አራት ሲል ያነሳት አንዲት ትንሽ ጥቁር ጠጠር ነበረች። ቆጠረ፣ ቆጠረ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ቀይ ጠጠር ብድግ አድርጎ «ሃያ ሰባት» አለ። ደስ ብሎት ሳማት።

«እመት ጦጣ፣ ዛሬስ ጭራሽን ቆልፈሽ ግቢ» አላት።

ጥቁሯ ጠጠር ይህን ስታይ ቀናች። «ለካ እኔ አራት ነኝ፤ እሷ ሃያ ሰባት ናት» አለች። ተንከባላም ወደ ቀይዋ ሄደች።

«እህቴ፣ ይሄን ሁሉ ቁጥር ከየት አገኘሽው?»

«የምን ቁጥር?»

«ሃያ ሰባትን ነዋ።»

«እኔ እንጃ። መጨረሻ ስለተነሳሁ ይሆናል» አለች ቀይዋ።

ጥቁሯ ግን አላመነችም። «ልትደብቀኝ ነው» ብላ ወደ ዶሮ ሄደች። ዶሮ ጥርስ የላትም፤ እህሏን ሆዷ ውስጥ የምትፈጨው በምትውጠው ጠጠር ነው።

«እትዬ ዶሮ፣ ያቺን ቀይ አየሻት? ለመፍጫ እንደሷ ያለ የለም።»

ዶሮም ቀይዋን ዋጥ አደረገቻት።

በማግስቱ አንድ ጠጠር ጎደለ። አያ ዝንጀሮና እመት ጦጣ በምትኩ ባቄላ አስገቡና ተጫወቱ። አሁን ያሸነፈችው እመት ጦጣ ናት። ስትቆጥር ጥቁሯን «ዘጠኝ» አለቻት።

ጥቁሯ ደስ አላት። «አያችሁ፣ ቀይዋ ስትጠፋ እኔ አደግሁ» አለች።

ቆይቶ ግን እመት ጦጣ መጨረሻ ላይ ባቄላውን አንስታ «ሠላሳ» አለች። ሳመችውም። ጥቁሯ እንደገና ቀናች። ዛሬ የመጣ ባቄላ እንዴት ይበልጠኛል ብላ ወደ አይጥ ሮጠች።

«አያ አይጥ፣ እዚያ ገበጣ ላይ አንድ ባቄላ ተቀምጦልሃል።»

አይጥም ባቄላውን በላው።

በሦስተኛው ቀን እመት ጦጣ «አሁንስ ምን እናስገባ?» ብላ ጠየቀች። አያ ዝንጀሮ ዙሪያውን አየና አንድ የፍየል በጠጥ አነሳ። «ይሄም ክብ ነው» አለ። ተጫወቱ፤ አያ ዝንጀሮ አሸነፈ። ሲቆጥር መጨረሻ የተነሳው በጠጡ ሆነ። «ሠላሳ አንድ» አለ። አልሳመውም።

ጥቁሯ ግን ባይሳምም ቀናች። ዶሮን ለመነች፣ አይጥን ለመነች። ሁለቱም «እሱን እንኳ አንቺው ብዪው» አሏት።

«እንግዲያው ከሁሉ የሚበልጠውን ቁጥር ራሴ ሄጄ አመጣለሁ» አለች። ቁልቁል ተንከባላ ተንከባላ ወንዝ ዳር ደረሰች። እስከ ሩቅ አሸዋ ብቻ ነው።

«አባባ ወንዝ፣ ከዚህ ሁሉ አሸዋ መጨረሻው የቱ ነው? ቁጥሩን ልወስደው ነው።»

ወንዙ ሳቀ። «ይሄ ነው ብዬ ሳልጨርስ ከላይ ሌላ አንድ ይዤ እወርዳለሁ። ስንት ክረምት ፈሰስኩ፣ መጨረሻ የሚባል አሸዋ አላየሁም።»

«ታዲያ እኔ እዚህ ስንተኛ ነኝ?»

«እዚህ ማን ይቆጥርሻል፣ ልጄ?»

ጥቁሯ ፈራች። ዳገቱን ስትወድቅ ስትነሳ ወጥታ ሾላው ሥር ተመለሰች። ስትደርስ እመት ጦጣ ገበጣውን እያዘጋጀች ነበር። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» አለች። በጥቁሯ ቦታ ሌላ በጠጥ ተቀምጧል።

«አራት እኮ እኔ ነኝ» አለች ጥቁሯ።

«እኔ አራት አልጎደለብኝም፣ እህቴ» አላት ጉድጓዱ። «የጎደልሽው አንቺ ነሽ።»

ጥቁሯ ከገበጣው አጠገብ አፈር ላይ ቀረች። ዶሮ እየጫረች መጣችና አየቻት። «ይቺም ለመፍጫ ትሆናለች» ብላ ዋጥ አደረገቻት።

ውስጡ ጨለማ ነው።

«ማን ነሽ?» አለ አንድ ድምፅ።

«ጥቁሯ ነኝ።»

«እሰይ፣ መጣሽ?» አለች ቀይዋ። «ብቻዬን ሆኜ የምቆጥረው አጥቼ ነበር። አሁን ሁለት ሆንን።»

ጥቁሯ ተንከባላ ተጠጋቻት። ከዚያ «ሁለተኛዋ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» ብላ ጠየቀች።

«ከፈለግሽ አንቺ ሁኚ።»

ጥቁሯ የመጨረሻውን ቁጥር ያገኘችው እንዲህ ነው። ያን ጊዜ ዶሮዋ ገብስ ለቀም ለቀም አደረገች፤ ሁለቱም መፍጨት ጀመሩ።

እና ልጆች፣ ቁጥር፣ አንዲት ጠጠር ብቻዋን ይዛው የምትዞረው ንብረት አይደለም። አብረው ሲቀመጡ የሚገኝ ነው። ማለቂያም ስለሌለው ለሁሉም ይደርሳል። ጓደኛውን ሊያጎድል የተነሳ ግን መጀመሪያ የሚጎድለው ራሱ ነው።

እኔ አንድ ብያለሁ፤ ሁለተኛውን ተረት እናንተ ንገሩኝ።