በሥራ አስኪያጁ ልክ

አንድ ሆስፒታል ኮምፒውተሮቹን ከየረጂው ለምኖ ያሰባሰበ ነበር። አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ፣ አንዱ ደግሞ ሠሪው እንኳ የረሳው። የኮምፒውተር ባለሙያው ምንተስኖት አንዱን ሲያድን ሌላው ሲታመምበት ኖሮ በመጨረሻ አንድ መላ ዘየደ። በሁሉም ላይ የሚሠራ አንድ ሲስተም አዘጋጅቶ፣ እሱኑ እየገለበጠ በየኮምፒውተሩ ሊጭን ቆረጠ።

መላው ጥሩ ነበር። ግን እንዲህ ያለው ሲስተም የእያንዳንዱን ኮምፒውተር የውስጥ ዕቃ እንዲያውቅ፣ ድራይቨር የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም አስቀድሞ ሊገባለት ይገባል። ለዚህ በየክፍሉ ዞሮ ማየት ያስፈልጋል። ምንተስኖት ደግሞ ሲስተሙ የሚመረቅበት ቀን ደረሰበት። ሲስተሙን በሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተር ላይ አዘጋጀው፣ በሥራ አስኪያጁ ኮሪደር ባሉት ላይ ሞከረው፤ ሲሠራለት ጊዜ ለሁሉም ገለበጠው። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። በየስክሪኑ ላይ ያው የሆስፒታሉ ፎቶ በራ።

በማዋለጃ ክፍሉ አሮጌ ኮምፒውተርም ፎቶው በርቷል። ከላቦራቶሪው ጋር የነበረው ግንኙነት ግን ተቋርጧል። አዋላጇ ሲስተር ውድነሽ የእናቶችን የደም ውጤት ለማምጣት በእግሯ ትመላለስ ጀመር። ለምንተስኖት ደጋግማ ደወለች።

«ወንድሜ፣ እባክህ መጥተህ እየው።»

«ሲስተር፣ የሁሉም አንድ ነው» አላት ከወንበሩ ሳይነሳ። «የሌላው እየሠራ ያንቺ ብቻ እንዴት እምቢ ይላል?»

ይህች ቃል ስብሰባ ላይ ደረሰች። ሥራ አስኪያጁም ይህችኑ ቃል ይዞ፣ ሲስተሯ ዘመናዊ አሠራር አልዋጥላት ብሏል ሲል ወሰነ። ዕድሜዋን ከፈጀችበት ማዋለጃ ተነሥታ ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደበች።

ምንተስኖት ወደ ማዋለጃው ብቅ ያለው ያኔ ነው፤ ለአዲሷ አዋላጅ ኮምፒውተሩን አዘጋጅ ተብሎ። ከፍቶ ሲያየው የጎደለችው አንዲት ድራይቨር ነበረች። ጫናት፣ ውጤቱም ወዲያው ይመጣ ጀመር። አዲሷ አዋላጅ ስትጠየቅ፣ እኔን ምንም አላስቸገረኝም አለች።

«አላልኳችሁም?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ምንተስኖት አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። በዓመቱ መጨረሻ የምስጋና ወረቀት ሲሰጠው ሲስተር ውድነሽ ከሰው ጋር አጨበጨበች፤ ቀርባም እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ አለችው። እሱ ዓይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ለሁሉ የሚሆን ነገር ሠራሁ የሚል ሞልቷል፤ ሁሉን ዞሮ ያየ ግን ጥቂት ነው። ልኩ ከጌታው ቤት ይወሰድና፣ ልብሱ ያልሆነው ድሃ ገላህ ጠማማ ነው ይባላል። ይህ ይከፋል። እውነቱን ካወቁ በኋላ ዝም ማለት ግን ከሁሉም ይብሳል። ኮምፒውተሩ በአንዲት ድራይቨር ዳነ፤ የሲስተር ውድነሽን ስም ማን ይመልሳል?

እስቲ እንጠይቅ፤ እኛስ ዝም ስላልን ዛሬ ዕቃ ግምጃ ቤት የተቀመጠው ማን ነው?