ጅብ ያሳደረው ኩሽኔታ

ተረት ልነግራችሁ ነው። የቆመ ይቀመጥ፣ የተቀመጠ ይጠጋ፤ መሐል ላይ “ይህ እንዴት ይሆናል?” የሚል ካለ ደግሞ አሁኑኑ ይውጣ።

በድሮ ጊዜ አንዲት አህያ ነበረች። ጨው ስትሸከም ኖረች፣ ጨው ስትሸከም ኖረች፣ ጀርባዋ ሲላጥ ጊዜ ሞተር ሳይክል ገዛች። አትሳቁ። እናንተም ስትገዙ ተስቆባችኋል።

ከቤቷ ወደ ገበያው ሲኬድ አንድ ሸለቆ ይታለፋል። ሸለቆው የአያ ጅቦ ነው። አያ ጅቦ ቀን ቀን ከተማ ውስጥ ነጭ ሽርጥ ታጥቆ ሥጋ ይሸጣል፤ እንስሳቱ ሁሉ ከተማ ውስጥ ማንም ማንንም እንዳይበላ ተማምለዋልና። ሥጋው ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ የለም። ሸለቆው ግን ከከተማው ውጭ ነው፤ መሐላው እዚያ አይደርስም። እመት አህዪት በሞተሯ ሽው ብላ ስታልፍ አያ ጅቦ የሚበላው አቧራዋን ብቻ ነበር።

አንድ ዓርብ ገበያ ስትገባ ሞተሯ ጎርርር፣ ጎርርር ማለት ጀመረ። አያ ጅቦ ከሥጋ ቤቱ በር ላይ ሆኖ ሰማ።

“እመት አህዪት፣ ይህ ሞተር አበቃለት። ወደ ቤትሽ በእግርሽ ነው የምትመለሺው?” አላት።

“ምን አገባህ?”

“ብቻሽን እንዳትሄጂ ብዬ ነው። እሸኝሻለሁ።”

አህዪት ክፉኛ ደነገጠች። ከሸለቆው ማዶ ጡት ያልጣለ ውርንጭላ ትታለች። ከነገ በላይ ሳይጠባ መቆየት አይችልም። በእግሯ ከሄደች ደግሞ እሷ አትደርስም። ሞተሯን እየገፋች ወደ መካኒኩ ወደ አያ ዝንጀሮ ሮጠች።

አያ ዝንጀሮ ካቻቢቴውን ሞተሩ ላይ አስደግፎ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገና አዳመጠ። ከዚያ ሞተሩን ፈታ።

“በሞተሩ ሆድ ውስጥ የሚሽከረከረው ይህ ብረት ክራንክ ይባላል። ግራና ቀኝ የያዙት ሁለት ኩሽኔታዎች ናቸው። የቀኙ አልቋል። ሁለቱንም እቀይራለሁ” አላት።

“የግራውን ተወው። እሱ ምንም አልጮኸም።”

“የግራው ያልጮኸው የቀኙ ስለሚጮህለት ነው” አለና ሁለቱንም አውጥቶ ጣላቸው።

ሁለት አዳዲስ ኩሽኔታዎች አመጣ። የሚያብረቀርቁ፣ ራሳቸውን የሚወዱ ነበሩ። አንዱ የሚገቡበትን የብረት ቅርፊት፣ የሞተሩን ቤት፣ አየና አፍንጫውን ነፋ።

“ይህ በር ይጠብበኛል” አለ።

“በሩ አልጠበበም። አንተ ነህ የወፈርከው” አለችው የሞተሩ ቤት።

መዶሻ ይህን ሲሰማ ተነሣ። “ለእኔ ተዉት። አንድ ጊዜ ብቻ።”

አያ ዝንጀሮ “አይሆንም” ሳይል አህዪት “በለው፣ ልጄ እየጠበቀኝ ነው!” አለች። መዶሻም ጧ አደረገ። ኩሽኔታው ተንጋደደ። “ወገቤን!” ብሎ ጮኸ። የሞተሩ ቤትም “በዱላ የሚገባ እንግዳ አላስተናግድም” ብላ መለሰችው። አያ ዝንጀሮ ኩሽኔታውን አውጥቶ አገላብጦ አየው። ደግነቱ በሆዱ ያሉት የብረት ኳሶች አልተጎዱም።

ቀጥሎ ዘይት መጣ። “የኔ እመቤት፣ የኔ ለስላሳ፣ ትንሽ ብትከፍቺልን” እያለ የሞተሩን ቤት ጠርዝ ሁሉ ቀባ። ኩሽኔታው ተንሸራተተ። ተንሸራትቶ ግን የገባው ወደ ውስጥ ሳይሆን ከጠረጴዛው ሥር ነው።

በሦስተኛው እሳት መጣ። እሳት ብዙ አያወራም። ከጎኗ ቁጭ አለና “በርዶሻል መሰለኝ” አላት።

“እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም” አለች የሞተሩ ቤት። ትንሽ ትንሽ እየሞቀች ትንሽ ትንሽ ሰፋች። ኩሽኔታው ቀረበ፤ የፀጉር ያህል ቀረው።

“እኔ እሷን አሰፋለሁ። እሱን የሚያኮማትረው ብርድ ነው። ብርድ አምጡ” አለ እሳት።

በከተማው ያለው ፍሪጅ አንድ ብቻ ነው። እሱም የአያ ጅቦ ነው። አህዪት መሬት ላይ ዝርፍጥ አለች።

አያ ዝንጀሮ ሁለቱን ኩሽኔታዎች በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጣት። “ሂጂና ለምኚው። ግን አደራ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳያቆያቸው። እዚያ ካደሩ አበቃልሽ” አላት።

አህዪት ወደ ሥጋ ቤቱ ሄደች። “አያ ጅቦ፣ አንድ ሰዓት ብቻ። ስለ ልጄ ብለህ እንዳታሳድራቸው” አለችው።

አያ ጅቦ ፊቷን አየ። ውሸት የለበትም። እጁን ታጠበና ኩሽኔታዎቹን ፍሪጁ ውስጥ ከሚሸጠው ጉበት በታች፣ ከሁሉም ታች አስቀመጠ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መጣች። “ቁልፉ ጠፋኝ” አላት። ቆይታ መጣች። “ቁልፉን ወንድሜ ወስዶታል” አላት። እንደገና መጣች። “ዘግቻለሁ፣ ነገ ነይ” አላት። አህዪት ወደ አያ ዝንጀሮ ጋራዥ ተመልሳ ልጇን እያሰበች ስታለቅስ አደረች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አያ ጅቦ ኩሽኔታዎቹን አወጣ። በረዶ ለብሰው ነጭ ሆነዋል።

“ይቅርታ እመት፣ ረስቼ ነው። ተበላሹ እንዴ?” አላት። እሷ ይዛቸው ስትሮጥ፣ እሱ ሥጋ ቤቱን ዘጋና ሚጥሚጣውን ይዞ ወደ ሸለቆው ወረደ።

አያ ዝንጀሮ የሞተሩን ቤት እሳት ላይ አሙቆ እየጠበቀ ነበር። ውሃ ጠብ አደረገባት፤ ችስስ አለች። አንደኛውን ኩሽኔታ ከላይ ለቀቀው። ጥብ። ሁለተኛውን ለቀቀው። ጥብ። ማንም አልመታ፣ ማንም አልገፋ።

“ገባሁ እንዴ?” አለ ኩሽኔታው።

“ገብተሃል። አሁን አብረን እንሞቃለን” አለችው።

አህዪት ዝንጀሮን ትኩር ብላ አየችው። “ካደሩ አበቃልሽ አላልከኝም?”

“ብዬሻለሁ። ባደሩ ቁጥር ይኮማተራሉ፣ በተኮማተሩ ቁጥር ይገባሉ። እውነቱን ብነግርሽ ኖሮ ግን አያ ጅቦ ፊትሽ ላይ ያነበው ነበር። ከዚያ በአንድ ሰዓት፣ ምናልባትም በአምስት ደቂቃ ያወጣቸው ነበር።”

“ሌሊቱን ሙሉ አልቅሻለሁ።”

“ሰምቼሻለሁ። ለዚያ ይቅርታ አድርጊልኝ።”

ተናዳበት ነበር። ሞተሩ ተገጥሞ ሲነሣ ግን ድምፁ ለስለስ ብሎ ወጣ፤ ንዴቷም ወጣላት።

አያ ጅቦ ሸለቆው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የኮቴ ድምፅ ይጠብቃል። የመጣው ግን የሞተር ድምፅ ነው። አህዪት አጠገቡ ስትደርስ ትንሽ ቀነስ አደረገች።

“አያ ጅቦ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንተ ባታሳድራቸው ኖሮ አይገቡም ነበር” አለችውና ሞተሯን ነድታ ሄደች።

አያ ጅቦ ሚጥሚጣውን ይዞ ቆመ። ማዶ ላይ ውርንጭላው እናቱን አግኝቶ ጡቷን እስኪስብ ድረስ እንደ ቆመ ነበር።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አልገባ ያላችሁን ነገር ከመምታታችሁ በፊት አሙቁት። ክፋት የሚያስብባችሁ ካጋጠማችሁም አትጣሉት፤ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ ሥራችሁን ይሠራላችኋል።

ተረቴ አለቀ፤ ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ውሃ የምታቀብሉኝ ከሆነ ከአያ ጅቦ ፍሪጅ አይሁን።