ዝም ያለ ኮቴ

በአንድ ወቅት፣ የጠዋት ብርዷ ጆሮ በሚቆነጥጥ አንዲት የደጋ ከተማ ውስጥ ልየው የሚባል የማራቶን ሯጭ ነበር። ነበር ማለቴ ሞቶ አይደለም፤ ሩጫውን ትቶት ነው። ዘጠኝ ዓመት ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ሠራ። ያየው ሁሉ «ያ የመሰለ እግር ዱቄት ለብሶ ቀረ» እያለ ያዝንለታል። ልየው ግን ወፍጮውን የመረጠው ለእንጀራ ብቻ አልነበረም። ሞተሩ ሲያጓራ ሌላ ድምፅ አይሰማም። እሱ ደግሞ መስማት የማይፈልገው አንድ ድምፅ ነበረ፤ ከኋላው የሚመጣ የሰው ኮቴ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያች ከተማ ሯጭ ብቻውን አይሮጥም። አንዱ ከፊት ይሆናል፤ ሌላው ዓይኑን ከቀዳሚው ተረከዝ ሳይነቅል ይከተላል። ይህን «እግር መስጠት» ይሉታል። እግር የሚሰጥ ነፋሱን በደረቱ ይቀበላል፤ የሚከተል ደግሞ ሐሳቡን ሁሉ በእሱ ላይ ጥሎ ይሮጣል። ልየው እግር የሚሰጠው ለአብሮ አደጉ ለአንለይ ነበር። ታዲያ በአንድ ውድድር ላይ ሁለቱ ጉሎ የሚባለውን ዳገት ሲያጋምሱ፣ ከልየው ኋላ ሲመጣ የነበረው ኮቴ ተወላገደና ዝም አለ። ልየው አልዞረም። ከተማዋ ከፊቱ ትታየዋለች፤ ዞሮ የሚያይ ሯጭ ደግሞ ይቀደማል። አንደኛ ወጣ። አንለይን ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ሲያገኙት ነፍሱ ወጥታ ነበር።

ሲጠይቁት «አልሰማሁም» አለ። «ቀኑ ደርሶ ነው እንጂ አንተ ምን ታደርግ» ብለው አጽናኑት። እሱም ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። መስማቱን የሚያውቁት እሱና ፈጣሪው ናቸው፤ ፈጣሪ እንደሆነ የሰው ምስጢር ይዞ ገበያ አይወጣም።

የአንለይ እናት እማማ ጥሩዓለም ልጃቸው ከውድድሩ ሲገባ ሊያለብሱት በእጃቸው ፈትለው ያሠሩት ጋቢ ነበራቸው። ያ ጋቢ ሳይለበስ ሳጥን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ከረመ። የከተማዋ ሰው በአንለይ ስም የማራቶን ሩጫ እናድርግ ብሎ ሲመክር፣ እማማ ጋቢውን ይዘው ከስብሰባው መሐል ቆሙ።

«ሜዳሊያውን ለቀደመ ስጡ» አሉ። «ይህን ግን ለቀደመ አልሰጥም። ያን ቀን ልጄ አብሮት ሮጦ ቢሆን ኖሮ፣ ልጄን በሕይወት ወደ ቤቱ ይመልሰው ለነበረ ሯጭ ነው የምሰጠው።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄዱ።

«ሞተሩን አጥፋው» አሉት ልየውን። አጠፋው። «ትሮጣለህ።»

«እማማ፣ የኔ እግር እኮ ሞቷል።»

«የሞተው የኔ ልጅ ነው። ያንተ እግር አልሞተም።»

ለእናት ምን ይመለሳል? ልየው አሮጌ ጫማውን ከአልጋ ሥር አወጣ። መጀመሪያ አካባቢ እንደ ሌባ ተደብቆ፣ ብቻውን ነበር የሚሮጠው። የገዛ ኮቴው ከግንብ አጥር ላይ ነጥሮ ሲመለስ እንኳ ደንብሮ ወደ ጎን ይዘላል። በኋላ የከተማዋ ሦስት ሯጮች፣ ሽባባው፣ ምንይችልና ቢሻው፣ አብረኸን ካልሮጥህ ብለው ያዙት። እሱም «እኔ ከኋላ ልሁን» ይላል ሁልጊዜ። «ወፍጮው አዘግይቶታል» እያሉ ይሥቁበታል። ከኋላው ሰው እንዲኖር ስለማይችል መሆኑን ማንም አላወቀም። እግሩ በጥቂት ወራት ተመለሰለት፤ ፍርሃቱ ግን አንድ ቀን እንኳ አልቀነሰም።

የውድድሩ ዕለት መጣ። ከከተማው ርቆ ከሚገኘው ድልድይ ተነሥተው ዳገት ቁልቁለቱን ሲያያዙት፣ ሌላው ሯጭ ሁሉ እየተንጠባጠበ ቀረና አራቱ ብቻ ከፊት ሆኑ። ማራቶን ደግሞ ሰውን ባሰበው ቦታ አያስቀምጠውም። ሽባባው ሰው ቢጮህ በሚሰማበት ርቀት ቀድሞ ሄደ። ቀጥሎ ልየው። ከልየው ተረከዝ ላይ ቢሻው፣ ከቢሻው ኋላ ምንይችል። ልየው ሳይወድ በግዱ እንደገና እግር ሰጪ ሆነ። ሊያሳልፈው ሲዘገይ ቢሻው አብሮት ይዘገያል፤ ሊያመልጠው ሲፈጥን አብሮት ይፈጥናል። ፈራ፤ ሌላ ቃል የለውም፣ ፈራ። ጉሎ ዳገት ከፊቱ ቆሞ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ለካ እውነት ነው። ዳገቱ መሐል ሲደርሱ የቢሻው ኮቴ ተለወጠ። አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል፤ አንደኛው እግር መሬቱን እየጠረገ ይመጣል። ከኋላ ምንይችል «አይዞህ ቢሻው፣ ግፋ!» ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ድካም ነው ይል ነበር። ልየው ግን ያን ድምፅ ያውቀዋል።

ቆመና ዞረ። «ቁም» አለው። ቢሻው አልቆመም፤ ዓይኑ ተገልጦ አያይም። ልየው ወገቡን አቅፎ ከመንገዱ ዳር ጣለው። ለውድድር የሚሮጥን ሰው እንዲያ ማድረግ የሁለቱንም ሩጫ ማበላሸት መሆኑን አልሳተውም። ቢሻው እንደ ወደቀ አረፋ ደፈቀ፣ ከንፈሩ ጠቆረ። ያኔ ልየው ፊቱን አየ፤ አንለይን ከቦይ ሲያወጡት ያየውን ፊት መሰለው። ከዚያ ያደረገውን እሱ ራሱም ዛሬ ሊያስረዳ አይችልም። ሮጠ። እርዳታ ለመጥራት አይደለም፤ መንገዱን ትቶ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባ። ሸሸ።

ምንይችል አልሸሸም። ቢሻው ሲንገዳገድ ከዳገቱ ሥር ጀምሮ አይቶታል፤ አይቶም አይዞህ ነበር የሚለው። ሲወድቅ ግን ሜዳሊያም ሩጫም ትዝ አላለውም። «ሰው ወደቀ!» ብሎ ጮኸና ተንበረከከ። በጎኑ አስተኛው፣ አፉን በጣቱ ጠረገለት፣ በገዛ ጥላው ከፀሐይ ጋረደው። እጁን እንደ ያዘ አጠገቡ ቆየ።

ሽባባው ጩኸቱን ሰማ። አንድ ጊዜ ዞሮ አየና ፊቱን መልሶ በረረ። የሕክምና መኪናዋ የቆመችው ከመጨረሻው ክር ወዲያ ነበር። በሕይወቱ እንደዚያ ሮጦ አያውቅም። ክሩን በደረቱ በጠሰ፤ ሁለት እጁንም ወደ ላይ አነሣ። ከዚያ አበባ የያዙትን ገፍቶ ሾፌሩን ከመቀመጫው እየነቀነቀ «ጉሎ! ጉሎ!» አለው፤ አብሮትም ተመለሰ። እጁን ለምን አነሣህ ሲሉት መኪናዋን ለመጥራት ነው ይላል። አይደለም የሚሉም አልጠፉም።

ቢሻው ዳነ። ሐኪሙ ግን የጋቢውን ነገር አባሰው። ትንሽ እንኳ ሮጦ ቢጨምር ልቡ ቀጥ ትል ነበር አለ። በጀርባው ተኝቶ ቢቀር በገዛ አረፋው ይታፈን ነበር አለ። መኪናዋ ብትዘገይም አልደርስለትም ነበር አለ። አንዱን መርጦ ቢናገር ምን ነበረበት?

ልየውን ምንይችል ፈልጎ አገኘው። እህል ሳይኖር ወፍጮውን አስነሥቶ ከጎኑ ተቀምጦ ነበር። «ቢሻው ተርፏል» ቢለው አልሰማውም፤ ሞተሩን አጥፍቶ እንደገና ነገረው።

በማግስቱ ከተማው እማማ ጥሩዓለም ግቢ ተሰበሰበ። ጋቢው ጉልበታቸው ላይ ነው።

«ሮጬ መኪና አመጣሁ» አለ ሽባባው።

«ማንም ባይጮህ ኖሮስ?» አሉት እማማ።

«ከፊት ነበርሁ እማማ። የኋላውን በምን አያለሁ?»

ምንይችል ቀጠለ። «እኔ ከሱ አልተለየሁም።»

«ሲንገዳገድ እያየህ ግፋ ያልኸውስ?»

አንገቱን ደፋ። «እኛ ሯጮች የምንባባለው እሱን ነው።»

ገና ከአልጋ የተነሣው ቢሻው «የጣለኝ ልየው ነው» አለ። «ባይጥለኝ ኖሮ እዚህ አልቆምም።»

ሰው ሁሉ ወደ ልየው ዞረ። እሱ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። እማማ በእጃቸው ጠሩትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት።

«ሰውየው ሳይወድቅ እንደሚወድቅ በምን አወቅህ?»

«በኮቴው።»

«ኮቴውን በምን አወቅኸው?»

ልየው እግዜር አመለከተኝ ቢል ማንም አይጠራጠርም፤ ጋቢውም ትከሻው ላይ ነው። ያን ግቢ ጥሎ መሮጥ ፈለገ፤ ከጉሎ ይልቅ እዚህ ፈራ። ግን ቆመ።

«ያን ድምፅ ከዚህ በፊትም ሰምቼዋለሁ» አለ።

«የት?»

«እዚያው ጉሎ ላይ። ከአንለይ።»

የጋቢውን ጠርዝ ሲያሻሽ የነበረው የእማማ ጣት ቆመ። አላለቀሱም፣ አልረገሙም። «ሰምተህ ነበር» አሉ ቀስ ብለው፤ መልስ የሚሻ ነገር አልነበረም።

ሽማግሌዎቹ ተከራከሩ። አንዱ መኪናዋን ያደረሰ ነው ያዳነው አለ። ሌላው፣ ሰው ሲወድቅ ከአጠገቡ የማይለይ ይሻላል አለ። ሦስተኛው ሸሸም ቢሆን፣ ዋሸም ቢሆን፣ ሞትን ቀድሞ የሰማው አንድ ሰው ብቻ ነው አለ። አራተኛው ደግሞ፣ የዚህችን እናት ልጅ መውደቅ ሰምቶ ያለፈ ሰው የልጇን ጋቢ ይለብሳል ወይ ብሎ ተቆጣ። መሸባቸው እንጂ አልተስማሙም።

በመጨረሻ እማማ ጥሩዓለም ተነሡ። «ሦስታችሁም ፊታችሁን ወደ ግንቡ አዙሩ» አሉ። «እኔ አለብሰዋለሁ።»

ሦስቱ ተሰልፈው ቆሙ፤ ልየው መጨረሻ ላይ። ጋቢው በክንዳቸው፣ አሮጊቷ ከኋላቸው መራመድ ጀመሩ። ልየው ኮቴያቸውን ሰማው፣ ዝግ ያለ፣ መሬቱን የሚጠርግ ኮቴ። ሳይደርስበት ዝም እንዳይል ፈራ። እሱ ጋ ደርሶ ዝም እንዳይልም ፈራ። ዓይኑን ጨፈነ።

እናንተ የምትሰሙ፣ እስቲ ፍረዱ፤ አንለይ ከማን ጋር ሮጦ ቢሆን ኖሮ ነው በሕይወት ቤቱ ይገባ የነበረው? የእናቱ ኮቴስ ከማን ኋላ ሊቆም ይገባዋል?