የንስር ጎጆ ቆጣሪው

አንድ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ኢድሪስ የሚባል። ጉልበቱ ሲከዳው ጀልባውን ለልጁ ለሷሊህ አስረከበ። ከዚያ ወዲያ ሥራው አንድ ብቻ ሆነ። በየማለዳው ባሕሩ ዳር ካለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ በገደሉ ላይ ያሉትን የዓሣ አዳኝ ንስር ጎጆዎች ይቆጥራል። ይሄም ሥራ ሆኖ ብትሉ አልፈርድባችሁም፤ የመንደሩ ሰውም በጊዜው ስቆበታል። ነገር ግን ሥራውን የሰጡት የመንደሩ ሽማግሌዎች ናቸው። ለምን እንደሰጡት ልንገራችሁ።

በዚያ መንደር ሚስት ማግባት የፈለገ ወንድ መጀመሪያ ገደሉን መድፈር ነበረበት። ሙሽራው ወገቡን በገመድ ታስሮ ከገደሉ አናት ወደ ታች ይለቀቃል። ከንስር ጎጆ አንድ እንቁላል ያነሳል፣ በጥምጣሙ ጠቅልሎ ራሱ ላይ ያስራል፣ ከዚያ ይስቡታል። እንቁላሉን የሙሽራዋ እናት በእሾህ ትበሳውና ውስጡን አፍስሳ፣ ቅርፊቱን በክር አስራ ከአዲሶቹ ሙሽሮች በር በላይ ትሰቅለዋለች። ገመዱን ከፊት የሚይዘው ከሁለቱ ቤተሰብ በዕድሜ ታላቅ የሆነው ወንድ ነው። ከኋላው አራት ጎልማሶች ያግዙታል፤ “ልቀቁ” እና “ሳቡ” የሚለው ግን እሱ ነው። እሱ ካላለ ማንም አይንቀሳቀስም።

ኢድሪስ የራሱን ቀን መቼም አይረሳትም። ሃያ ዓመቱ ነበር። እናቲቱ ንስር እየተወረወረች ትከሻውን በጥፍሯ ስትቧጭረው፣ እሱ ዐይኑን ጨፍኖ በዳበሳ ነው እንቁላሉን ያነሳው። ነጭ ሆኖ በቀይ ቡኒ የተዥጎረጎረ፣ ገና ያልበረደ እንቁላል ነበር። ስበው ሲያወጡት መጀመሪያ ያየው የሙሽራውን የሰዓዳን ፊት ነው። ሳቋን በሻሿ ጫፍ ደብቃ፣ ይሄን ሁሉ ቆይተህ ያመጣኸው ይህችን ነው ወይ ብላ አላገጠችበት። ከዚያ በኋላ በኖሩበት ዘመን ሁሉ፣ ከባሕር ሲመለስ የያዘው ዓሣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ በዚያችው ቃል ነበር የምትቀበለው። ዛሬ ሰዓዳ የለችም። እሱ ግን አንዳንድ ማለዳ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ያቺን ቃል በጆሮው ይሰማታል።

ያኔ ሰማዩ በንስር የተሞላ ነበር። አጥማጅ መረቡን ከመጣሉ በፊት ቀና ይላል። ንስሩ አየር ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ክንፉን ካርገበገበ ከሥሩ ዓሣ አለ ማለት ነው። እግሩን አስቀድሞ ወደ ውሃው ሲወረወር ጀልባዎቹም ወደዚያው ይቀዝፋሉ። ባሕሩን ለማያውቅ ሰው ይሄ ቀላል ነገር ይመስለዋል። ለእነሱ ግን ራት ነበር።

ታዲያ ምን ሆነ? ማንም ክፉ ነገር አላሰበም። መንደሩ እያደገ ሄደ፣ ሠርግ በዛ። እያንዳንዱ ሙሽራ የወሰደው አንድ እንቁላል ብቻ ነው፤ ጎጆው ውስጥ ሁለትና ሦስት ይኖራል፣ አንድ ቢነሳለት ምን ይጎዳል አሉ። ያላዩት ነገር ቢኖር ሰውየው እንቁላሉን ይዞ ከወጣ በኋላ የሚሆነውን ነው። ከገደሉ አናት ላይ ጭፈራው እስኪያልቅ ድረስ እናቲቱ ፈርታ ወደ ጎጆው አትመለስም። የቀሩትን እንቁላሎች የቀትር ፀሐይ ይጨርሳቸዋል። እነሱ አንድ እንቁላል ወሰድን ይላሉ፤ የሚሄደው ግን ሙሉ ጎጆ ነበር። በየዓመቱ እንዲህ እየሆነ በመጨረሻ የኢድሪስ ልጅ ሷሊህ የሚያገባበት ዓመት ደረሰ። ገመዱን ኢድሪስ ያዘ፤ ሷሊህም ወርዶ እንቁላሉን አመጣ። በማግስቱ ሁለቱ ንስሮች ገደሉን ለቀው ሄዱ። ሌላ ንስር አልነበረም።

ጉድ ተባለ። ጀልባዎቹ ምልክት አጥተው እንደ ዕውር ባሕሩ ላይ መዞር ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ የመጨረሻው ጎጆ መሆኑን ማን ያውቅ ነበር ተባባሉ። ኢድሪስም አብሯቸው፣ ማን ያውቅ ነበር አለ። ከዚያም ንስሮቹ ተመልሰው ጎጆው ሠላሳ እስኪሞላ ድረስ ማንም ገደሉን እንዳይነካ ወሰኑ። ቆጣሪ ማን ይሁን ሲባል፣ የመጨረሻውን ገመድ የያዘው ኢድሪስ ነውና እሱ ይሁን አሉ። ለኢድሪስም ክብር ሆነለት።

ስምንት ዓመት ሙሉ የቆጠረው ባዶ ድንጋይ ነው። ሰው ሲያልፍ፣ ዛሬስ ስንት ሆኑ እያለ ይቀልድበታል። እሱ ደግሞ፣ ዛሬም የሉም ብሎ ከምር ይመልሳል። በዘጠነኛው ዓመት አንድ ማለዳ አንዲት ንስር በአፏ እንጨት ይዛ ገደሉ ላይ አረፈች፤ ቀጥሎ ተባዕቱ መጣ። ኢድሪስ በዚያ ጉልበቱ እንዴት ቤቱ እንደደረሰ አያውቅም። ሰዓዳ ያኔ ታማ ተኝታ ነበር። ደግፎ ወደ በሩ አወጣትና ሰማዩን አሳያት። ቀና ብላ አየች፤ ከዚያ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ኢድሪስ የደስታ እንባ ነው ብሎ አሰበ። በዚያው ዓመት ዐረፈች።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በረከተ። ሦስት ሆኑ፣ ሰባት ሆኑ፣ ከየት እንደሚመጡ እንጃ፣ ሌሎችም ተጨመሩ። የሷሊህ ልጅ ዘምዘም አድጋ ለጋብቻ በደረሰችበት ዓመት ኢድሪስ አንድ ማለዳ ሠላሳ አንድ ጎጆ ቆጠረ። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ከሌላው ጫፍ ጀምሮ ደገመው። ሠላሳ አንድ ነው።

ደስ ብሎት ከድንጋዩ መነሳት ነበረበት፤ ግን አልተነሳም። የዘምዘም እጮኛ ሐመድ ጨዋ ልጅ ነው፤ ለወራት እየመጣ፣ “አባባ፣ ቀረበ ወይ?” እያለ ሲጠይቀው ነበር። ዘምዘምም በሯ ላይ እንደ አያቷ ቅርፊት እንዲሰቀልላት ትመኛለች። ከሁሉም በላይ የሚመኘው ደግሞ ራሱ ኢድሪስ ነው። ያንን ጭፈራ፣ ያንን ገመድ፣ የዚያን ቀን ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ደግሞ ቢያይ። ግን ንስሮቹ ገደሉን ለቀው የሄዱበት ማግስት ትዝ አለው። ሃያ ሁለት ጎጆ ነው ያለው ብሎ መዋሸት እንደሚችል አሰበ፤ ማንም ወጥቶ አይቆጥርበትም። ግን በዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ ዋሽቷል፣ ሁለተኛ መጨመር አልሆነለትም። ሄዶ ለሽማግሌዎቹ ሠላሳ አንድ ነው ብሎ እውነቱን ተናገረ። መንደሩ በእልልታ ቀለጠ።

የሠርጉ ቀን ኢድሪስን በአህያ ጭነው ወደ ገደሉ አናት አወጡት። ከሁለቱ ቤተሰብ በዕድሜ ታላቁ እሱ ነውና ገመዱን ያዘ። ከኋላው አራቱ ጎልማሶች ቆሙ። ከበሮው ይመታል፣ ሴቶቹ ይዘፍናሉ፣ ዘምዘም ከጓደኞቿ መሀል ሆና በሻሿ ሥር ትስቃለች። ቁርጥ ሰዓዳን ነው የምትመስለው። ሐመድ ወገቡን አስሮ ጫፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ሰደደ። ከሥሩ ያለችው ንስር ጮኸች። ሁሉም የኢድሪስን አፍ ያያል።

ኢድሪስ ልቀቁ አላለም። ጎልማሶቹ ድካም መሰላቸውና አንዱ ጠጋ ብሎ፣ አባባ፣ እኛ እንያዝልዎት አለው። ኢድሪስ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሽማግሌዎቹ ተናገረ። “የሷሊህ ጊዜ የመጨረሻው ጎጆ መሆኑን አውቅ ነበር” አለ።

ከበሮው ወዲያው አልቆመም፤ መቺው አልሰማም ነበር። የቀረቡት ግን ሰምተው ዝም አሉ። ዝምታው እየተዛመተ ሄዶ ከበሮው ብቻ ቀረ፤ ኋላም እሱ ቆመ። የመንደሩ ታላቅ ሽማግሌ ጠጋ አለና ምን እያለ እንደሆነ ጠየቀው። ኢድሪስም ነገሩን ዘርዝሮ ነገራቸው። በልጁ ሠርግ ማለዳ በጀልባ ከገደሉ ሥር አልፎ ነበር። የሌሎቹን ጎጆዎች ባዶነት በዐይኑ አይቷል። አንድ ብቻ እንደቀረ አውቆ ነው የወጣው፤ አውቆ ነው ልቀቁ ያለው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ማን ያውቅ ነበር እያለ፣ ከሰው ክብር እየተቀበለ ኖሯል። ለሰዓዳም አልነገራት፤ አሁን ሲያስበው ግን እሷ ሳታውቅ አልቀረችም።

ሷሊህ ፊቱ ጠቆረ። የሐመድ እናት፣ በሠርጋችን ቀን ይሄ ምን የሚሉት ነው ብላ አጉረመረመች።

“ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርክም?” አለው ታላቁ ሽማግሌ።

“ከበሮው እየተመታ ነበር” አለ ኢድሪስ። “ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፣ ልጄ ታስሮ ቆሟል። በዚያ መሀል ቁሙ ማለት ከበደኝ። ዛሬም ያው ነው፤ እንቁላሉ አንድ ነው ብለን እንጀምራለን፣ ከዚያ ደግሞ የመጨረሻዋን ዐይናችን እያየ እንወስዳለን። እኔ አድርጌዋለሁና አውቀዋለሁ። ዛሬ ልቀቁ አልልም።”

እንደ ተረት ቢሆን ኖሮ ሁሉም አልቅሰው አቀፉት እላችሁ ነበር። አላቀፉትም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አታላይ ብሎት ፊቱን አዞረ። ሷሊህ ለብዙ ወራት አላናገረውም። ቆጠራውንም ወሰዱበት፤ ሃያ ሦስት ዓመት የዋሸ ሰው አይቆጥርልንም አሉ፤ ትክክል ናቸው። ነገር ግን ሐመድ ከጫፉ ተነስቶ ገመዱን ከወገቡ ፈታ። ዘምዘምን አየት አደረጋት፤ እሷም በእሺታ ራሷን ነቀነቀችለት። ከጎልማሶቹ አንዳቸውም እንደገና እሰር አላሉትም። እነሱስ ቢሆኑ ነገ ማን ያውቅ ነበር ሊሉ አይችሉም፤ አሁን ሁሉም ያውቃል። ሠርጉ ያለ እንቁላል ሆነ። አንዳንድ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ የጎደለ ሠርግ ነው ይላል፤ ሐመድና ዘምዘም ግን ሁለት ልጅ ወልደዋል።

ቆጠራው ለዘምዘም ተሰጠ። ኢድሪስ አሁንም ማለዳ ማለዳ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል፤ ከልማድ ነው እንጂ ማንም ቁጥር አይጠይቀውም። አንድ ቀን አንዲት ንስር ከፊቱ ውሃው ውስጥ ገብታ ዓሣ ይዛ ወጣች። አየር ላይ ከፍ እንዳለች መላ ሰውነቷን አራግፋ ውሃውን በተነችው፤ ጠብታው በፀሐይ አብረቀረቀ። ዕድሜ ልኩን ባሕር ላይ ኖሮ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ቆጥሮ፣ እንዲህ ማድረጓን ልብ ብሎት አያውቅም ነበር። መጀመሪያ ሊያጠምድበት ነበር የሚያያት፣ ኋላ ሊቆጥራት፤ ዛሬ ዝም ብሎ አያት። ሰዓዳ አጠገቡ ብትኖር ብሎ ተመኘ። ያን ቀን ብዙ ነገር ይነግራት ነበር።

ወዳጆቼ፣ እኛ ብዙ ጊዜ ጥፋታችንን ሁሉ ባለማወቅ እናሳብባለን። አብዛኛው ግን አይደለም። አይተናል፣ አውቀናል፤ ሰው ሁሉ ሲደሰት ቁሙ ብሎ መናገር ነው ያቃተን። የጠፋ ነገር ሲመለስልን ደግሞ እንዳለፈው እናደርግበታለን፤ የናፈቅነውን ዘመን መልሶ የሚያመጣልን ይመስለናል። ኢድሪስ ስሙን አጥቶ ሠላሳ አንድ ጎጆ አተረፈ። እናንተስ፣ አሁን በዚህች ሰዓት፣ እያወቃችሁ የያዛችሁት ገመድ የቱ ነው? ልቀቁ እንድትሉ ስንት ሰው እየጠበቃችሁ ነው?