የማኅተሙ ቁልፍ ለቅሶ ላይ ነው

ወንበር ያገኛችሁ ተቀመጡ፤ ያላገኛችሁ ግድግዳውን ተደገፉ። ይህ ተረት ወረፋ አለው።

ወይኒቱ የምትባል እናት ነበረች። ልጇ ብርቄ በድንገት እየወደቀች ትንፈራገጣለች፤ ስትነቃ የእናቷን ስም እንኳ ትረሳለች። በቀደም ምድጃው ላይ ከመውደቅ ለጥቂት ተረፈች። ወይኒቱ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የነርቭ ሐኪሙ ልጇን እንዲያይላት።

ሐኪሙ፣ «የጭንቅላቷ ፎቶ ሳይኖር ምኑን አያለሁ?» አላት።

ፎቶ ወደሚያነሳው ማሽን ክፍል ሄደች። «ወንድሜ፣ ሐኪሙ ያለ ፎቶ አላይም አለ፤ አንሳልኝ።»

ባለማሽኑ፣ «ማኅተም የሌለው ወረቀት አልቀበልም» አላት።

ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው። መሳቢያው ተቆልፏል። ቁልፉ የማኅተም ያዡ የአቶ ጌጡ ኪስ ውስጥ ነው፤ አቶ ጌጡ ደግሞ ሰፈራቸው ለቅሶ ላይ ናቸው። መቼስ ቁልፍም እንደ ሰው ለቅሶ ይደርሳል!

ወይኒቱ ብርቄን ደግፋ ድንኳኑ ድረስ ሄደች። «ጋሼ፣ ሐኪሙ ያለ ፎቶ አላይም አለ፤ ማሽኑ ያለ ማኅተም አላነሳም አለ፤ ማኅተሙ ያለ ቁልፍ አልወጣም አለ። እባክዎ ይነሱልኝ።»

«የእድሩ ዕቃ ጠባቂ እኔ ነኝ» አሉ አቶ ጌጡ። «ድንኳኑ ሳይነሳ ብሄድ እድሩ ይቀጣኛል፤ ቁልፉን ለሰው ብሰጥ መሥሪያ ቤቴ ይቀጣኛል። ዳኛውን ጠይቂ።»

ወይኒቱ የእድሩ ዳኛ እግር ላይ ወደቀች። «አባቴ፣ ሐኪሙ ያለ ፎቶ አላይም አለ፤ ማሽኑ ያለ ማኅተም አላነሳም አለ፤ ማኅተሙ ያለ ቁልፍ አልወጣም አለ፤ ጋሽ ጌጡ ያለ ዳኛው አልነሳም አሉ።»

«ተነሽ፣ ተነሽ» አሉ ዳኛው። «ሐዘንተኛዋ ሳይፈቅዱ ድንኳን አይነሳም፤ ነውር ነው።»

ሐዘንተኛዋ እትዬ ዘነቡ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ወይኒቱ አፈረች፤ ግን የት ትሂድ? «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሐኪሙ ያለ ፎቶ አላይም አለ፤ ማሽኑ ያለ ማኅተም አላነሳም አለ፤ ማኅተሙ ያለ ቁልፍ አልወጣም አለ፤ ጋሽ ጌጡ ያለ ዳኛው አልነሳም አሉ፤ ዳኛው ያለ እርስዎ አልለቅም አሉ።»

እትዬ ዘነቡ ብርቄን አዩዋት። «ምን ሆናብሽ ነው ልጄ?»

«ትወድቅብኛለች።»

«የኔም አንተነህ ይወድቅ ነበር። ያንኑ ሐኪም ስንጠብቅ፣ ወንዝ ሲሻገር በሽታው ጣለው፤ ሬሳውን አወጡልኝ። ቀጠሮው ነገ ነበር።» ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። «ፎቶውን ብታገኚም ለከርሞ ነው የሚሉሽ፤ እኔንም እንዲያ ብለውኛል። በልጄ ተራ ግቢ። በሉ፣ ድንኳኑን አንሱልኝ!»

ሐዘንተኛዋ ፈቀዱ፤ ድንኳኑ ተነሳ፤ ዳኛው አቶ ጌጡን ለቀቁ፤ ቁልፉ መሳቢያውን ከፈተ፤ ማኅተሙ ወረቀቱ ላይ አረፈ፤ ማሽኑ ፎቶውን አነሳ።

በማግስቱ ሐኪሙ በሩን ከፍቶ፣ «አንተነህ!» ሲል ተጣራ።

ወይኒቱ ብርቄን ይዛ ተነሳች።

«አንተነህ የታለ?»

«ሞተ፣ ዶክተር። ተራውን እናቱ ለልጄ ሰጡልኝ።»

ሐኪሙ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። «ግቡ» አለ።

ወይኒቱ የፈለገችው ሆነላት። እያለቀሰች ገባች።