ሽማግሌዎቹ የሚያዩት ግድግዳ

አንድ ቀለም ቀቢ ነበር፣ ምእመናን። ነበር አልኩ እንጂ ዛሬም አለ። ስሙን አልነግራችሁም። ታሪኩን ግን «ይንገሩልኝ አባቴ» ብሎ የነገረኝ እሱ ራሱ ነው።

ይህ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ሲቀባ ኖሯል። ከተማው ዳር ዳሩን፣ ከኮተቤ እስከ አየር ጤና፣ መሰላሉን ያላቆመበት ሰፈር የለም። ቤትም እንደ ሰው የየዘመኑ ጠባይ አለው ይላል። የጃንሆይ ጊዜ የጭቃ ቤት አለ፤ እንጨቱ ባሕር ዛፍ፣ ጭቃው በጭድ የተቦካ። ለእሱ የሚስማማው ኖራ ነው፤ ኖራ ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል። በደርግ ጊዜ በማኅበር የተሠራ የብሎኬት ቤት አለ፤ እስከ ደረት ድረስ በዘይት ቀለም የተለቀለቀ፤ ያንን መፋቁ ብቻ ሦስት ቀን ይፈጃል። የዛሬውም አለ፤ የግድግዳ ማለስለሻው ስቱኮ ሳይደርቅ ባለቤቱ ዕቃ የሚያስገባበት። ለሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም የሚቀባ ሰው ካያችሁ ወይ ጀማሪ ነው፣ ወይ ቸኩሏል ይላል።

ሙያውን ያውቃል ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ። የምነግራችሁ የማያውቅ ሰው ታሪክ አይደለም።

ወሩ መስከረም ነው። ክረምቱ ወጥቶ፣ እንቁጣጣሽ አልፎ፣ መስቀል ደርሶ፣ አገሩ ሁሉ ቤቴን ቀቡልኝ የሚልበት ጊዜ። ቀለም ቀቢው በዚያ ወር ሦስት ቤት ጨርሷል። ጉልበቱ መሰላል ላይ ሲወጣ እሺ አይለውም። ረቡዕ ዕለት ግርማቸው የሚባል ሰው ደወለለት። እናቴ ኮተቤ ናት፣ ቤቷ የጭቃ ነው፣ እኅቴን ረድኤትን ሊጠይቁ እሑድ ሽማግሌ ይመጣል አለው። ቤቱን በሙሉ አይደለም የፈለገው። ሳሎኑን፣ ከሳሎኑም ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ፊት ለፊት የሚያዩትን ግድግዳ። እሱም እንደ ጎረቤቱ አዲስ ቪላ በስቱኮ ተለስልሶ፣ በፕላስቲክ ቀለም ተቀብቶ።

መቼም የእኛን ነገር ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ሊመጣ ነው ሲባል ሶፋው ከጎረቤት፣ ብርጭቆው ከእድር ይመጣል። መጋረጃው ይታጠባል፤ ግን የሳሎኑ ብቻ። እዚያ ከኋላ የምትስቁት፣ እናንተም አድርጋችሁታል፤ እኔም ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ በዚያው ብርጭቆ ጠጥቻለሁ።

ቀለም ቀቢው ሄደ። ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳው፤ ባዶ ድምፅ ሰጠው። ልስኑ ከእንጨቱ ተላቋል። ከታች እስከ ጉልበት ድረስ እርጥብ ነው። ወደ ውጭ ወጥቶ አየ። የሳሎኑና የኋላው ክፍል ጣሪያ የሚጋጠሙበት አሸንዳ በስብሶ የክረምቱ ውኃ በሙሉ ግድግዳው ውስጥ ሲገባ ከርሟል። ከግድግዳው በስተጀርባ ደግሞ የእናትየው የእማማ ደብሪቱ መኝታ ክፍል ነው። አልጋቸው ግድግዳውን ተደግፏል።

በዚያችው ቅጽበት ሁሉንም ዐወቀ። ይህ ግድግዳ አይቀባም። ይከፈታል፣ የበሰበሰው እንጨት ይወጣል፣ አዲስ ይገባል፣ ከወር በላይ ይደርቃል። ሽማግሌዎቹ ግን እሑድ ይመጣሉ።

እማማ ደብሪቱ በሩ ላይ ቆመው ያዩታል። ልጃቸው ግርማቸው አጠገባቸው ቆሟል። እሳቸውም ቀስ ብለው ጠየቁት።

«ልጄ፣ ይሄ ግድግዳ ርጥበት ነገር አለበት መሰለኝ። ያሠጋል እንዴ?»

እስቲ እዚህ ላይ እንቁም። ምን ይመልስ? እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?

በዚያች ሰዓት በልቡ ያለፈውን ነግሮኛል። አዎ ያሠጋል ብል ልጁ ይከራከረኛል። እኅቱ ታለቅሳለች። እኔን ትተው ሌላ ቀለም ቀቢ ይጠራሉ፤ እሱም ዝም ብሎ ይቀባዋል። ደግሞ ጉልበቴ። ደግሞ የሚጠብቀኝ ሌላ ቤት። «ክፋት አልነበረም አባቴ» አለኝ። «ድካም ነው። አፌን ከፍቼ ያን ሁሉ ነገር ማስረዳቱ ተራራ ሆነብኝ።»

እናም እንዲህ አላቸው፦ «ምንም አይልም እማማ። ቀለሙ ይይዘዋል።»

አምስት ቃል ነው። ከፈለጋችሁ ቁጠሩት።

እማማ ደብሪቱ ወዲያው አልሄዱም። ትንሽ ቆም ብለው አዩት፤ ከዚያ እሺ ልጄ ብለው ገቡ። አስተያየታቸው ለምን እንደዚያ እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባውም።

ቀባው። በስቱኮ ለሰነው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ ክሬም ቀለም ሁለት ጊዜ አለበሰው። እሑድ ሽማግሌዎቹ መጥተው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ታላቅየው ቤቱን አይተው አመሰገኑ፤ ልጅቷም ተፈቀደች። ጥር ላይ ሠርጉ ሆነ። ግርማቸው ሙያተኛ ነህ ብሎ ለሁለት ጓደኞቹ ስልኩን ሰጠለት። አያችሁ? ውሸት ሁልጊዜ ወዲያው አያሳፍርም። አንዳንድ ጊዜ ይመረቃል።

መጋቢት ላይ የበልግ ዝናብ ሦስት ቀን ሳያባራ ጣለ። የፕላስቲክ ቀለም ውኃ አያስወጣም፤ የገባውን ሁሉ አቁሮ ያስቀምጣል። ጾም ነበር። እማማ ደብሪቱ ቅዳሴው እስኪገባ ትንሽ ልረፍ ብለው ጋደም አሉ። ግድግዳው በላያቸው ተናደ።

ጎረቤት ደርሶ አወጣቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ዳሌያቸው ግን ተሰብሯል። ከዚያ ወዲህ እግራቸው መሬት አልረገጠም።

ቀለም ቀቢው የሰማው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። መሰላል ላይ ሆኖ ሰማ፣ ወረደ፣ ብሩሹን ሳያጥብ ሆስፒታል ሄደ። በመንገዱ ሁሉ የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ እንዲሰድቡት። ቢሰድቡኝ፣ ቢያስሩኝ ባርፍ ነበር አለኝ።

እማማ ደብሪቱ ሲያዩት ልጆቻቸውን ውጡልኝ አሉ። ከዚያ እጁን ይዘው እንዲህ አሉት፦

«ልጄ፣ እኔኮ ግድግዳው እንደበሰበሰ አውቅ ነበር። ሁለት ክረምት ከአልጋዬ ሥር ውኃ ጠርጌአለሁ። ለልጆቼ ስነግር፣ እማዬ ደግሞ ሁሉ ነገር ያስፈራታል ይሉኛል። ያን ቀን አንተን የጠየቅሁህ ለማወቅ አይደለም። ግርማቸው ቆሞ እየሰማ፣ ባለሙያ ሰው ያሠጋል ቢልልኝ ብዬ ነው። አንድ ሰው ከእኔ ጋር ቢቆምልኝ ብዬ ነው።»

አለቀሰ። እሳቸው አጽናኑት። «አይዞህ፤ ያን ቀን ደክሞህ ነበር። ፊትህ ላይ አይቼዋለሁ» አሉት።

ምእመናን፣ ከመካከላችሁ ስብከቱን ቀድማችሁኝ የጨረሳችሁ አላችሁ። ውስጡ በስብሶ ላዩ ያማረ ሊለን ነው ብላችኋል። አይደለም። እሱን ስንት ጊዜ ሰማችሁት፤ እኔም መናገሩ ሰልችቶኛል። ግርማቸውንም ተዉት፤ ግርማቸው ሰምቶ አላመነም። ዛሬ የምጠይቃችሁ ስለዚያች ጥያቄ ነው። ያሠጋል እንዴ?

እናንተን ማን ጠየቃችሁ? እኅቴ፣ ባልሽ «ይሄ ሳል በራሱ የሚለቀኝ ይመስልሻል?» ሲልሽ ሳሉን የማያውቀው መሰለሽ? ደረቱ ውስጥ ያለው እሱ ነው እኮ። ሐኪም ቤት እንሂድ እንድትዪው ነው። ወንድሜ፣ ያ ጓደኛህ «መጠጥ ያበዛሁ አይመስልህም?» ሲልህ ጠርሙሱን እሱ ራሱ ቆጥሮታል። በቃህ የሚለው ሰው ፈልጎ ነው። አንተ ምን አልከው? ምንም አይልም አልከው። ምን ያህል እንወዳታለን ይህችን ቃል! ሰላምታችን ናት፣ ማጽናኛችን ናት፣ በር መዝጊያችንም እሷ ናት።

ደክሞናል። አውቃለሁ። ማልዳችሁ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ፣ አምሽታችሁ የምትገቡ ናችሁ። የራሳችን ሸክም ሳይወርድልን የሌላውን መስማት ይከብዳል። ድካም ኃጢአት አይደለም። እግዚአብሔር ከአፈር የሠራን እሱ ነው፤ የምንደክም መሆናችንን አይረሳም። ግን ልጆቼ፣ የደከመ ሰው ደክሞኛል ማለት ይችላል። ነገ ተመልሼ ልየው ማለት ይችላል። እኔ አቅም የለኝም፣ ሌላ ሰው ጥሩ ማለት ይችላል። ያ ሁሉ እውነት ነው፤ በእውነት ላይ ሰው ይቆማል። አያሠጋም ብለን ስንልከው ግን ሌላ ሰው እንዳይጠይቅም ዘጋንበት።

እኔን አትዩኝ። እኔ ንጹሕ ሆኜ አይደለም እዚህ የቆምኩት። ሐሙስ ዕለት ከዚህ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ስወጣ አንዲት እናት አስቆመችኝ። ልጄ ከክፍሉ ሳይወጣ አምስት ቀን ሆነው፣ ምግቡንም ሳይነካ ይመልሳል፣ ዝም ብዬ ብተወው ይሻለው ይሆን አባቴ አለችኝ። ከሌሊት ጀምሬ ቆሜ ነበር፤ እግሬ አብጧል። መስቀል አሳለምኳትና «ወጣትነት ነው፣ ያልፍለታል፣ ጸልዪለት» ብያት ሄድኩ። እሷም እንደ እማማ ደብሪቱ ትንሽ ቆም ብላ አየችኝ። ይኸው ሦስት ሌሊት ዐይኗ ከፊቴ አልጠፋም።

ስለዚህ የዛሬውን አሳጥሬዋለሁ። ማሳረጊያውን መሪጌታ ያደርሱላችኋል። እናንተም የጠየቃችሁን ሰው ታውቁታላችሁ፤ እኔ ስሙን መጥራት አይጠበቅብኝም። ከዚህ ስትወጡ ቀጥታ እሱ ዘንድ ሂዱ። እኔ ያችን እናት ቤቷ የት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኋትም፤ የምታውቋት ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ አሁን ተነሡና ምሩኝ።