ጣት ያለበት ግድግዳ

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ ቤት ሠርቶ ሚስት አገባ።

ቆይ ስመኝ፣ ጥያቄሽን አልሸሸሁም። «አባ፣ ሁለት ሰው አንድ ቤት ሲገባ ቤቱ የማንን ይምሰል? ከእኔና ከናሁሰናይ ማን ይሸነፍ?» ነው ያልሽኝ። እኔ የንስሐ አባታችሁ፣ አዲሱን ቤታችሁን ጸበል ልረጭ ብዬ በዚህ ጉልበቴ አራት ፎቅ ወጥቼ ስገባ ያገኘሁት ካርቶን ብቻ ነው። ያንቺ ዳንቴል፣ ያንቺ የግድግዳ ሰዓት፣ ያ ሁሉ ሥዕል በካርቶን ታስሯል። የባልሽ ነጭ ግድግዳ ደግሞ ባዶውን ያፈጥብኛል። ካፖርቴን የምሰቅልባት አንዲት ምስማር እንኳ የላችሁም። እንግዲህ ጭኔ ላይ እንደያዝኩት ልንገራችሁ። ናሁሰናይ፣ አንተም እዚያ ካርቶን ላይ ቁጭ በልና ስማ።

ያ ገበሬ ከወንዙ ወዲህ ያለ አገር ሰው ነው። በአገሩ ልማድ ወንድ ልጅ ጎጆ ሲወጣ የቤቱን ግድግዳ የምትለስንለት እናቱ ናት። አባቱና ወንድሞቹ እንጨቱን ያቆማሉ፣ ይማግራሉ፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጠው ይመርጋሉ። የመጨረሻው ልስን ግን የእናት ነው። አፈሩን ራሷ መርጣ፣ ነፍታ፣ አቡክታ ትለስነዋለች፤ ሳይደርቅ ደግሞ አራት ጣቷን ከጥግ እስከ ጥግ እንደ ትልም ታስኬድበታለች። ከዚያ ወዲያ ግድግዳው ላይ ምንም አይሰቀልም። በሩ አጠገብ ለእንግዳ ጋቢ አንድ ኩላብ ይተከላል፤ በቃ። በዚያ አገር ባዶ ግድግዳ የተከበረ ግድግዳ ነው።

የዚህ ሰው እናት ለልጇ ሠርግ ብላ በጥቅምት ቤቱን ለሰነች። በኅዳር ታመመች፣ ታኅሣሥ ሳይወጣ ሞተች። ሠርጉም ተላልፎ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ልጅየው ድሮውንም ዝምተኛ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጭራሽ ባሰበት። ወንድ ልጅ ሐዘኑን በሆዱ ይይዛል ተብሎ ያደገ ነው። እኛም እንዲያ እያልን ነው የምናሳድጋቸው፤ ኋላ ደግሞ ለምን አትናገሩም ብለን እንቆጣቸዋለን።

ሚስቲቱ የመጣችው ከወንዙ ማዶ ነው። በእነሱ አገር ቤት ቤት የሚሆነው ግድግዳው ሲለብስ ነው። ሴት ልጅ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ እናቷ መስፌዋን አታስቀምጥም። ሰፌዱን፣ ሙዳዩን፣ ወስከምቢያውን በአለላ እያስጌጠች ትሰፋና ልጂቱ ስትዳር ሁሉንም አሸክማ ትሰዳታለች። እሱም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የሚወርደው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ሲሞት። የሞተበት ሰው ከውጭ ሳይመለስ ዘመዶቹ ቀድመው ገብተው ሁሉንም ያወርዱታል፣ ኩላቡንም ይነቅሉታል። ሰውየው በሩን ሲያልፍ ባዶውን ግድግዳ ያያል። መርዶ ነጋሪው አፉን መክፈት እንኳ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ሙሽራዪቱ ባሏ ቤት ስትገባ ግድግዳው ባዶ ነው። አማቷ መሞቷን ሰምታለች። «እስካሁን ሐዘን ላይ ናቸው፤ ግድግዳውን የሚያለብስላቸው ሰው አጥተው ነው» ብላ አዘነችላቸው። በሦስተኛው ቀን ከእናቷ ቤት የመጣውን ሃያ ሁለት ስፌት አወጣች፣ ኩላብ በድንጋይ እየመታች ሰቀለች፤ ከምሰሶው ጀርባ እንኳ ባዶ ቦታ አላስቀረችም። ባሏ ከእርሻ ሲመለስ ደስ ይለዋል ብላ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

ባልየው ገባ፣ ዙሪያውን አየ። የእናቱ ጣት የለም።

«ቤቱ ጠበበኝ» አለ።

«ቤቱማ ገና ዛሬ ነፍስ ዘራ» አለች።

በቃ፣ የተነጋገሩት ይህንኑ ነው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ የእነሱ ግን ሊቀር የነበረው ትዳራቸው ነው። እሱ ጠዋት አንድ ሰፌድ ያወርዳል፣ እሷ ማታ ሁለት ትሰቅላለች። እሱ የእናቴን ስም ልታጠፋ መጣች ይላል በሆዱ። እሷም የእናቴን እጅ ናቀው ትላለች በሆዷ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹም ብልህ የሆኑ መስሏቸው ቤቱን በምሰሶው ለሁለት ከፈሉት፤ ከምሰሶው ወደ ቀኝ የእሱ፣ ወደ ግራ የእሷ ሆነ። ለእሷ የደረሰው ደግሞ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው፣ ብርሃን የሚያርፍበትና የባልየው እናት አብዝታ የደከመችበት ግድግዳ ነበረ። ባልየው ይህንንም አልተናገረም።

ከዚያ በኋላ መከራው በእንግዳ ላይ ወደቀ። በቀኝ ቢቀመጥ ሚስቲቱ ታኮርፈዋለች፣ በግራ ቢቀመጥ ባልየው። ሰዉም ደጃፉ ላይ ቆሞ «እንደምን ዋላችሁ» እያለ ማለፍ አበዛ። ሚስቲቱ ከዛሬ ነገ ጓዜን ጠቅልዬ ልሂድ እያለች ነበር። የያዛት አንድ ነገር ነው፤ እናቷ ክረምቱን ሙሉ በሳል ታማ ነበርና፣ ከትዳሬ ወጥቼ ብመጣ በበሽታዋ ላይ በሽታ እጨምርባታለሁ ብላ ፈራች።

የአማቷ ሙት ዓመት ደረሰ። ሦስት ቀን ሲቀረው ሚስቲቱ ለድግሱ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ባልየው ቤት ቀረ። ነገ ከነገ ወዲያ የእናቴ እህቶች ይመጣሉ፣ «የእህታችን ጣት የት አለ?» ይሉኛል፣ ምን እመልሳለሁ አለ። ተነሣና ስፌቱን አንድ በአንድ አወረደው። በንቀት እንዳይመስልሽ! በራሱ ጋቢ እየጠቀለለ ጓዳ አስቀመጠው፤ አንዲት አለላ አልተሰበረችም። ኩላቡን ነቀለ። ሲጨርስ ፀሐይ በበሩ ገብታ ግድግዳው ላይ አረፈች፤ የእናቱ አራት ጣት ከጥግ እስከ ጥግ ታየው። ዓመት ሙሉ ያልወጣው እንባ መጣበት። የመጨረሻዋን ሙዳይ እንደያዘ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ቀረ።

ይኸኔ ሚስቱ እንስራዋን አዝላ ገባች።

ምን እንዳየች አስቢ እንግዲህ። ግድግዳው ባዶ፣ ኩላቡ የተነቀለ፣ ባሏ አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል። በአገሯ ይህ አንድ ትርጉም ነው ያለው።

«እናቴን!» ብላ ጮኸች። እንስራው ወድቆ ተንኮታኮተ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ወገቧን በመቀነቷ ታጥቃ፣ ደረቷን እየመታች ወደ ወንዙ ሮጠች። ባልየው «ኧረ ምን ሆንሽ?» እያለ ከኋላዋ ሮጠ፤ እሷ ግን የምትሰማበት ጆሮ አልነበራትም። በመንገድ ያገኛት ሁሉ አዘቅዝቃ መልበሷን እያየ ተከተላት። ወንዙን ተሻግራ እናቷ ደጅ ስትደርስ ከኋላዋ አሥራ አምስት ሰው ያለቅስ ነበር።

እናትየዋ ደጇ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ጩኸቱን ስትሰማ ሰፌዷን ጥላ ተነሣች፤ እሷም ለማልቀስ ነጠላዋን ማዘቅዘቅ ጀመረች።

«ማን ሞተብን ልጄ?»

«አንቺ ነሻ!» አለች ልጂቱ።

«እኔ? እኔ ሳልሰማ?»

ልጂቱ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፣ ሳቀች፣ አለቀሰች። አሥራ አምስቱም ሰው የጀመረውን ልቅሶ የት እንደሚያደርሰው ጠፍቶት ቆመ። ባልየው እያለከለከ ደረሰ። አማቱ የሆነውን ሁሉ ከልጇ ሰማችና ወደ እሱ ዞረች።

«አንተ ልጅ፣ እኔ በሕይወቴ ሳለሁ ግድግዳዬን ለምን አወረድክብኝ?»

«እማማ» አለ፣ «ያንን ግድግዳ የለሰነችው እናቴ ናት። ጣቷ አለበት። ለዓመቷ እህቶቿ ሲመጡ እንዲያዩት ብዬ ነው። ከእሷ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።»

ያን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ከአፉ ሲወጣ ሚስቱ ሰምታ አታውቅም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ልስኑ የእናት መሆኑን ማን የማያውቅ አለ? አንቺስ ባዶ ግድግዳ መርዶ መሆኑን መቼ ነገርሽኝ?»

«ይህን ሁሉ ሰው ያውቀዋል!»

እናትየዋ ምስሯን ከመሬት እየለቀመች፣ «ሁሉ ሰው የሚያውቀው የሚባለው ነገር እኮ በእናታችን ቤት ያየነው ብቻ ነው፤ በሉ ሂዱ፣ ቤታችሁን ክፍቱን ጥላችሁ መጥታችኋል» አለቻቸው።

ተመለሱ። እሱ ወንዙ ላይ እጁን ሰጣት፣ እሷም ያዘችው። ቤት ሲደርሱ በሩ ላይ ቆመች። ከወራት በፊት በችኮላ ስትሰቅል ያላየችውን አሁን አየችው። ልስኑ ላይ አራት ጣት ጎን ለጎን እንደ ትልም ሄዷል። በጣቶቹ ላይ ደግሞ እሷ በድንጋይ እየመታች የተከለችው ኩላብ ቀዳዳ፣ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። ጣቷን በትልሙ ላይ አኖረችና ቀስ ብላ እስከ ጥግ ተከተለችው። ጥጉ ላይ አማቷ ደክሟት ኖሮ ጣቷ ወደ ታች ወርዷል።

አልቅሳላት አታውቅም ነበር። ሙሽራ ሆና ስትመጣ እልልታ እንጂ ልቅሶ አልተፈቀደላትም። ነጠላዋም ገና እንደተዘቀዘቀ ነው፣ መቀነቷም አልተፈታም። ግድግዳው ሥር ቁጭ አለችና ለማታውቃት አማቷ አለቀሰች፣ ከልቧ፣ ስሟን እየጠራች። ባልየውም አጠገቧ ተቀምጦ በድምፅ አለቀሰ። ወንዙን ተሻግሮ የሄደው ልቅሶ ባለቤቱን አገኘ።

ሲነጋ ባልየው እናቱ አፈሩን የወሰደችበትን ቦታ አሳያት። አመጡ፣ ነፉ፣ ጭድ ጨምረው አብረው ረገጡት፤ አንድ ቀን አድሮ ሲብላላ ቀዳዳዎቹን ሞላቻቸው። እርጥቡ ጭቃ ላይም ጣቷን በአማቷ ትልም ልክ አስኬደችበት። ከዚያ በኋላ፣ ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ እንደገና ሊጣሉ ሆነ። እሱ «ስፌቱን ስቀይው፣ ባዶውን አይተሽ እንድትደነግጪ አልፈልግም» ይላል። እሷ «አይሆንም፣ የእናታችን ጣት ይታይ» ትላለች። ከሃያ ሁለቱ አምስት መረጠች። ኩላቡን በገዛ እናቱ ልስን ላይ የተከለው እሱ ራሱ ነው፤ እሷ «እዚህ ጋ» ስትለው፣ ጣት ባላረፈበት ቦታ እየመረጠ። የቀሩትን በዓል በመጣ ቁጥር እያፈራረቀች ታወጣቸዋለች። የምሰሶው ክፍፍል ግን መቼ እንደተረሳ እነሱም አያውቁትም።

የሙት ዓመቱ ዕለት አክስቶቹ መጡ። ታላቂቱ አክስት ዓይኗ ደክሟል፤ ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች ሄደችና አንድ ቦታ ቆመች።

«ይህ የእህቴ ጣት ነው። ይቺ የቀጠነችውስ የማን ናት?»

«የልጇ ናት» አለ ባልየው።

አክስቲቱ ሁለቱንም ትልም ደጋግማ ዳሰሰች። ከዚያም እንጀራ አቅርቡልን አለች፤ ከቀኝም ሆነ ከግራ ሳትመርጥ መሬቱ ላይ ተቀመጠች።

እንግዲህ ስመኝ፣ ማን ይሸነፍ ብለሽኛል። ያ ግድግዳ ይህ ግድግዳ ነው፤ ያ ሰፌድ ያ ካርቶን ውስጥ ያለው ዳንቴልሽ ነው። ሽማግሌዎቹ እንዳደረጉት ሳሎኑን ለባልሽ፣ መኝታ ቤቱን ላንቺ ብዬ ልፈርድ እችል ነበር፤ ደግሞም ትታዘዙኛላችሁ። ግን በር ላይ ቆሞ ሰላም ብሎ የሚሄድ እንግዳ መሆን አልፈልግም። አንቺ ዳንቴሉ ለምን ያለሱ ቤት እንደማይመስልሽ ለዚህ ሰው ነግረሽዋል? አንተስ ናሁሰናይ፣ ባዶ ግድግዳ ለምን እንደሚያሳርፍህ? ስንት ሆናችሁ በስንት ክፍል ነው ያደግከው? ለእኔ አትመልስልኝ፤ ለእኔ በንስሐ ነግረኸኛል። ለእሷ ንገራት። ሁለታችሁም «ይህማ ግልጽ ነው» ስትሉ ከርማችኋል፤ ግልጽ የሆነው ግን ለየእናቶቻችሁ ቤት ነው።

እኔ ጸበሉን አልረጭም፣ ገና ነኝ። መጀመሪያ ለካፖርቴ አንድ ምስማር ምቱልኝ። አንቺ ቦታውን አሳዪው፣ አንተ ምታ። ግድግዳው ኮንክሪት ነው ትለኛለህ፤ ድሪል ከጎረቤት ተዋስ። እስክትስማሙ ካፖርቴን ታቅፌ እጠብቃለሁ፤ ደግሞም ከባድ ነው፣ ለሽማግሌ እዘኑ።